አውቶማቲክ ሰዓት ሲቆም የት ላይ ነው የቆመው?

ባትሪ የሌለው የእጅ ሰዓት ጉልበቱን የሚያገኘው ከክንድ ነው። የኋላ ክዳኑ መስታወት የሆነ ሴይኮ ፋይቭ ገልብጠው ቢያዩት ግማሽ ክብ የሆነ ከባድ ብረት ይታያል። ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብረቱ ይዞርና ዋናውን ሞላ ያጠብቃል። ሞላው ሊፈታ ሲታገል ጥርሳም ጎማዎቹን ይገፋል። ጉልበቱ ባንዴ ተንዶ እንዳያልቅ መጨረሻው ላይ ሹካ መሰል ብረት አለ፤ እንደ በር ጠባቂ አንዱን ጥርስ አሳልፎ ቀጣዩን ይይዛል። መቼ እንደሚለቅ የሚወስንለት በስስ ሞላ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ ነው።

ለጀማሪ የምመርጠው ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን 7ኤስ26 ነው፤ ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል። በሴኮንድ 6፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ሞልቶ ቢቀመጥ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ብዙዎች የማያውቁት ግን በጎኑ ያለችው ቁልፍ ሰዓትና ቀን ለማስተካከል እንጂ ለመሙላት አለመሆኗን ነው። መሳቢያ ውስጥ ከርሞ «ሞቷል» የተባለ ሰዓት ለግማሽ ደቂቃ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ የሚነሳበት ጊዜ አለ።

በቀን ብዙ ደቂቃ የሚቀድም ከሆነም ለመፍታት አይቸኩሉ። ኮምፓስ ያስጠጉለት፤ መርፌው ከተንቀጠቀጠ ማግኔት ይዞታል። የስሱ ሞላ ጥምዝምዞች እርስ በርስ ሲጣበቁ ሞላው እንዳጠረ ይሆናል፣ ጎማውም ይፈጥናል። ማግኔቱን የሚያጠፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሰዓቱ ሳይከፈት ይፈውሰዋል።

ሁለቱም ካልሆነ ጉልበቱ የት ደርሶ እንደቀረ መፈለግ ነው። ሞላው ጥቂት እንደተሞላ ተወዛዋዡን ጎማ ከነተሸካሚው ያውጡና በስስ እንጨት ጫፍ ሹካውን ነካ ያድርጉት። በራሱ ጉልበት ወደ ሌላው ጎን ከዘለለ ጉልበቱ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ያወጡት ጎማ ላይ ነው፦ ወይ ስሱ ሞላ ተጣሟል፣ ወይ የዘንጉ ጫፍ ተሰብሯል። የዚያ ጫፍ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሹካው ልፍስፍስ ብሎ ከቀረ ግን ችግሩ ከሱ በፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የተሰበረ ነገር የለም፣ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ይህን ሙከራ የምወደው ሰዓቱን ለሁለት ስለሚከፍለው ነው፤ የት እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ሁሉንም ከመፍታት ያድናል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርዎ፦ የሞላው ጉልበት ቀስ ተብሎ ሳይለቀቅ ሹካው አይወጣም። ሹካው ከተነሳ የሚይዘው የለም፤ ጎማዎቹ በአንድ ጊዜ ይከንፉና ጥርስ ወይም ዘንግ ይሰበራል። መጀመሪያ የሞላውን ጎማ በካቻቢቴ ይዞ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ጥርስ ገፋ አድርጎ፣ በዝግታ እንዲፈታ መልቀቅ ነው።

ከዚያ የሚቀረው ትዕግሥት ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ማጠቢያው የላይተር ቤንዚን ሊሆን ይችላል፤ ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም አይክፈቱት። ሹካውን አልኮል ውስጥ አይዘፍዝፉ፤ ሁለቱ ቀይ ድንጋዮቹ የተያዙት አልኮል በሚያሟሟው ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። ሹካው ከመመለሱ በፊት የሞላውን ሳጥን በወረንጦ ጫፍ ትንሽ ገፋ ያድርጉት፤ ጎማዎቹ ያለ ቅሬታ ዞረው ሲቆሙ የመጨረሻው ጥቂት ወደ ኋላ ከተመለሰ መንገዱ ንጹሕ ነው። ዘይት በመርፌ ጫፍ ልክ ይበቃል፤ ሲበዛ ካለበት ቦታ ተስቦ ይወጣና ያ ቦታ ደርቆ ይቀራል።

ተገጥሞ ሲሄድ ፍጥነቱን ወዲያው ለማስተካከል አይጣደፉ። የፋብሪካው ወሰን ራሱ በቀን 20 ሴኮንድ ከመዘግየት እስከ 40 ሴኮንድ መቅደም ነው። ለጥቂት ቀናት እጅዎ ላይ አድርገው ልዩነቱን እየመዘገቡ ይዩትና ማስተካከያዋን ከዚያ በኋላ ይንኩ።