ድሩ ጠርቶ ማጉ ሲደበዝዝ፦ ስለ አስቲግማቲዝም ምን ያህል እናውቃለን?



በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ክር ይመለከታል። ድሩ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ማጉ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ይመላለሳል። አስቲግማቲዝም ያለበት ዓይን አንዱን ጥርት አድርጎ እያሳየ ሌላውን ሊያደበዝዘው ይችላል። ችግሩን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የዓይናችን ፊት ኮርኒያ በሚባል፣ እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ ሽፋን ተሸፍኗል። ይህ ሽፋን እንደ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከጎበጠ ብርሃኑ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። እንደ ማንኪያ ጀርባ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ፣ በሌላው ያነሰ ከጎበጠ ግን ብርሃኑ በተለያየ ርቀት ላይ ስለሚሰበሰብ ምስሉ ብዥ ይላል። አንዳንድ ጊዜ መንስኤው በውስጥ ያለው የዓይን ሌንስ ነው። ጥቂት አስቲግማቲዝም በብዙ ሰው ዓይን ላይ አለ፤ የሚያስቸግረው ሲበዛ ነው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ፦ በቅርብም በሩቅም ብዥታ፣ ካነበቡ በኋላ ራስ ምታት፣ ለማየት ዓይንን ማጥበብ፣ ማታ የመኪና መብራት ጨረሩ ተበትኖ መታየት።

በልጆች ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። በፊደላችን «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለየው የአንዲት አጭር ሰረዝ ቦታ ነው። ሰረዟ የደበዘዘችበት ልጅ እያነበበ ይሳሳታል፤ እኛም «ሰነፍ ነው» እንላለን። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ስለሚያይ ሌላው ሰው የተሻለ እንደሚያይ አያውቅም፤ ስለዚህም አይናገርም። በተለይ የአንደኛው ዓይን ችግር ከበዛ አንጎል ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል። ከ7 ወይም 8 ዓመት በፊት ካልታወቀ በኋላ በመነጽር ብቻ ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው።

ችግሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት፣ ለዕይታ መድከም ከተመዘገቡት መንስኤዎች 33.4 በመቶው አስቲግማቲዝምን ጨምሮ በመነጽር የሚስተካከሉ ችግሮች ነበሩ።

መፍትሔውስ? እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ በ1801 (እ.ኤ.አ.) በራሱ ዓይን ላይ ያለውን አስቲግማቲዝም መርምሮ ገለጸ። በ1825 ደግሞ ጆርጅ ኤሪ የተባለው ሳይንቲስት ለራሱ ዓይን የሚሆን ልዩ ሌንስ አሠራ። ዛሬም ሐኪም በሚጽፍላችሁ የመነጽር ትእዛዝ ላይ «ሲሊንደር» የሚለው የችግሩን መጠን፣ «አክሲስ» የሚለው ደግሞ አቅጣጫውን በዲግሪ ያመለክታል። አቅጣጫው ከሰው ሰው ስለሚለያይ የጎረቤት መነጽር ወይም ከመንገድ ላይ የተገዛ መነጽር አይሆናችሁም። የዓይን ጠብታም የኮርኒያን ቅርጽ አያስተካክልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዓይኑን አለርጂ እያሳከከው አጥብቆ የሚያሽ ልጅ ካለ ቶሎ አሳክሙት። አዘውትሮ ማሸት ኮርኒያው እየሳሳ እንዲሾል ከሚያደርግ ሕመም ጋር ይያያዛል፤ ይህም በተራ መነጽር የማይስተካከል አስቲግማቲዝም ያስከትላል።

ቤታችሁ ሆናችሁ ወረቀት ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሐል የሚወጡ መስመሮች ሥሉ። ልጃችሁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው ይመልከት፤ ከዚያም ያፈራርቅ። አንዳንዶቹ መስመሮች ከሌሎቹ ይበልጥ ከደበዘዙበት ወደ ምርመራ ውሰዱት። መስመሮቹ እኩል ቢታዩትም ምልክት ካለበት ምርመራው አይቅር። በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

መነጽር ማድረግ የእምነት ማነስ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ነገር ግን ሉቃስም ሐኪም ነበር። እየጸለይን ልጆቻችንን እናስመርምር፤ በዚህ ሳምንት «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት «ይታይሃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ጌታ ይባርካችሁ።