ከኦቾሎ እስከ አርባ ምንጭ፦ መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ነውን?

አንድ መንገድ ምን ያህል ይረዝማል ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ በኪሎ ሜትር የተለካ ነው። ከሲቀላ እስከ ሴቻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንላለን። ይህ የመሐንዲሱ መልስ ነው፤ ትክክልም ነው። ተሳፋሪው ግን ሌላ መለኪያ አለው። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ከቤቱ ከወጣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ካሰበበት እንደሚደርስ ነው። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ከምንገምተው በላይ ሰፊ ሲሆን፣ ምንጩም በአመዛኙ መጠበቅ ነው። ስለ መጠበቅ ደግሞ የሂሳብና የፊዚክስ ሊቃውንት ብዙ የሚሉት አላቸው።

ሦስቱ ቁጥሮች

ማንኛውንም የትራንስፖርት መስመር ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የመስመሩ ርዝመት ነው። ሁለተኛው ተሽከርካሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ነው፤ ርዝመቱን ለዚህ ጊዜ ስናካፍል በየፌርማታው የሚቆምበትን ጭምር ያካተተ አማካይ ፍጥነት እናገኛለን። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ይኸውም በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ተሽከርካሪ ይመጣል የሚለው ነው። የድግግሞሽ ግልባጭ፣ በፊዚክስ ትምህርት ፔሬድ የምንለው፣ በሁለት ተከታታይ ተሽከርካሪዎች መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት ነው። በሰዓት 4 አውቶቡሶች ከመጡ ክፍተቱ 15 ደቂቃ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው የተሳሰሩ ናቸው። አንድ አውቶቡስ ደርሶ ተመልሶ እንደገና ለመነሣት የሚፈጅበትን ጊዜ በመስመሩ ላይ ለተሰማሩት አውቶቡሶች ብዛት ብናካፍል ክፍተቱን እናገኛለን። ለምሳሌ ያህል 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር እንውሰድና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ደርሶ መልሱ 120 ደቂቃ ይሆናል። 8 አውቶቡሶች ከተመደቡ ክፍተቱ 15 ደቂቃ ነው። አሁን ይኸው መስመር ወደ አዲስ ሰፈር ተዘርግቶ 22.5 ኪሎ ሜትር ቢደርስና አንድም አውቶቡስ ባይጨመር፣ ደርሶ መልሱ 180 ደቂቃ፣ ክፍተቱም 22.5 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሰፈር «አውቶቡሱ እኛም ዘንድ ይድረስ» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መስመሩ ብቻ ከረዘመ ዋጋውን የሚከፍለው በእያንዳንዱ ፌርማታ ላይ የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ ነው።

ለዚህ ዝምድና በአገራችን ግልጽ ማሳያ የሚሆነው በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆኑ 41 ባቡሮች ተገዝተውላቸው ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ቆሙ። ሐዲዱ በአንዲት ሜትር እንኳ አልረዘመም። ይሁን እንጂ የባቡሮቹ ቁጥር ሲቀንስ ክፍተቱ በዚያው ልክ ስለሚሰፋ፣ ለተሳፋሪው ያው 34 ኪሎ ሜትር ረዝሟል። በካርታ ላይ የማይታየው ይህ መርዘም በጣቢያው በር ላይ በሚታየው ሰልፍ ይታወቃል።

አማካዩ ሲያሳስት

ክፍተቱን ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ መሥሪያ ቤት «አውቶቡሶቻችን በአማካይ በየ15 ደቂቃው ይመጣሉ» ቢል፣ ሳያስብበት ወደ ፌርማታው የደረሰ ሰው በአማካይ የክፍተቱን ግማሽ፣ ማለትም 7.5 ደቂቃ ይጠብቃል ብለን እንገምታለን። ይህ እውነት የሚሆነው ግን አውቶቡሶቹ በትክክል በየ15 ደቂቃው ሲመጡ ብቻ ነው።

ክፍተቶቹ በየተራ 5 ደቂቃና 25 ደቂቃ ናቸው እንበል። አማካዩ አሁንም 15 ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ውስጥ 25ቱ የረጅሙ ክፍተት ናቸው፤ ስለዚህ ከስድስት ተሳፋሪዎች አምስቱ የሚደርሱት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። እነርሱ በአማካይ 12.5 ደቂቃ ሲጠብቁ፣ ዕድለኛው ስድስተኛ 2.5 ደቂቃ ብቻ ይጠብቃል። የሁሉም አማካይ 10 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ያህል ይሆናል። መሥሪያ ቤቱም አልዋሸም፤ ተሳፋሪውም ምሬቱ አላግባብ አይደለም። ሁለቱ የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው፤ አንደኛው አውቶቡሶችን ይቆጥራል፣ ሌላው ደቂቃዎችን። ክፍተቶቹ ፈጽሞ ሥርዓት የሌላቸው፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚወሰኑ ከሆኑ ደግሞ አማካዩ ጥበቃ የክፍተቱን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ክፍተት ያህላል።

አውቶቡሶች ለምን እኩል ተራርቀው አይሄዱም? እ.ኤ.አ. በ1964 ኒዌልና ፖትስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የሂሳብ ሞዴል አቀረቡ። አንድ አውቶቡስ በአንድ ምክንያት ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ በሚቀጥለው ፌርማታ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያሳፍር የባሰ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ግን ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም ይደርስበታል። ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ሲመጡ የምናየው ስለዚህ ነው፤ ፊተኛው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ኋለኛው ባዶ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ ያልተረጋጋ ሚዛን ይባላል። በሳህን ውስጥ ያለች ጠጠር ብትነካ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ በገደል አፋፍ ላይ ያለች ጠጠር ግን በትንሹ ከተነካች ተንከባልላ ትሄዳለች። እኩል ክፍተት በአፋፍ ላይ እንዳለችው ጠጠር ነው፤ የሚጠብቀው ከሌለ በራሱ ጸንቶ አይቆይም።

ከዩራኒየም አቶም እስከ ሜክሲኮ አውቶቡስ

ክፍተትን ለመጠበቅ የግድ ማዕከላዊ አስተዳደርና የታተመ የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋልን? በዚህ ረገድ አስደናቂው ምሳሌ የተገኘው በሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ ከተማ ነው። ሚላን ክርባሌክና ፔትር ሼባ የተባሉ የቼክ ሪፐብሊክ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚያች ከተማ አውቶቡሶቹ የግለሰቦች ሲሆኑ የጊዜ ሰሌዳ አልነበራቸውም። ሾፌሮቹ ግን በመንገዱ ላይ ለቆሙ መዝጋቢዎች ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ ከፊታቸው ያለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ይጠይቁ ነበር። አሁን ካለፈ ተሳፋሪ ስለማይገኝ ቀስ ይላሉ፤ ከቆየ ደግሞ የኋለኛው እንዳይደርስባቸው ይፈጥናሉ። በዚህ መንገድ አውቶቡሶቹ እርስ በርሳቸው የሚገፋፉ ያህል ተራርቀው ይጓዙ ነበር።

ሁለቱ ሊቃውንት ክፍተቶቹን መዝግበው ሥርጭታቸውን ሲያጠኑ ያገኙት ቅርጽ፣ ዩጂን ዊግነር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ዩራኒየም ያሉ የከባድ አቶሞችን ኒውክሊየስ የኃይል ደረጃዎች ለመግለጽ ከተጠቀመበት የሂሳብ ንድፈ ሐሳብ ጋር የሚጣጣም ሆነ። ለእኛ ጠቃሚው ነገር ውጤቱ ነው። አማካዩ ክፍተት 10 ደቂቃ ቢሆን፣ ፍጹም እኩል በሆነ አመጣጥ ተሳፋሪው 5 ደቂቃ፣ ፍጹም በአጋጣሚ በሆነ አመጣጥ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ግን የሚጠብቀው 5.9 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓትና አንድ ወረቀት ይህን ያህል ትርፍ አስገኙ። በየመናኸሪያችን ያሉት ተራ አስከባሪዎች ይህን ሥራ ለመሥራት እጅግ ቅርብ ናቸው። የሚለየው እነርሱ የሚያስከብሩት ተራን እንጂ ክፍተትን አለመሆኑ ነው።

ሞልቶ የመነሣት ሕግ

በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ሚኒባስ የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ይህ ለባለንብረቱ ምክንያታዊ ነው፤ ነዳጁ የሚከፈለው ወንበሮቹ ሲሞሉ ነውና። ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደሆነ ግን እናስላ። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ቆሟል፤ በየደቂቃው አንድ ሰው ይመጣል እንበል። የመጀመሪያው ሰው 11 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ምንም አይጠብቅም፤ አማካዩ 5.5 ደቂቃ ነው። ተሳፋሪ በየ10 ደቂቃው በሚመጣበት ጸጥ ያለ ሰፈር ግን የመጀመሪያው 110 ደቂቃ፣ ሁሉም በአማካይ 55 ደቂቃ ይጠብቃሉ። በሌላ አነጋገር ይህ ሕግ ሰው ለበዛበት ቦታ ደግ፣ ሰው ለሳሳበት ቦታ ጨካኝ ነው።

ሦስት ሰው የሚይዝ ባጃጅ በዚያው ጸጥ ያለ ሰፈር ቢቆም አማካዩ ጥበቃ ወደ 10 ደቂቃ ይወርዳል። ባጃጅ በትንንሽ ከተሞች እንዲህ በፍጥነት የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ፍጥነቱ ከሚኒባስ አይበልጥም፤ የሚበልጠው ቶሎ መሙላቱ ነው።

ከገደሉ ሥር የሚጠብቅ ሰው

ይህ ሁሉ ስሌት ወደ ኦቾሎ ያደርሰናል። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየ የተቀመጠ ጥንታዊ የጋሞ ሰፈር ነው። ከዚያ በእግሩ ወርዶ በሶዶና በአርባ ምንጭ መካከል ባለው ዋና መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያገኛቸው መኪኖች ከሌላ ቦታ ሞልተው የተነሡ ናቸው። ሞልቶ መነሣት ሕግ በሆነበት መስመር ላይ ለመሐል መንገድ ተሳፋሪ የተተወ ወንበር የለም፤ የሚያገኘው ሌላው ከወረደ ብቻ ነው።

በየ15 ደቂቃው አንድ መኪና ያልፋል፣ ከአራቱም ባዶ ወንበር ያለው አንዱ ብቻ ነው ብለን እናስብ። የመጀመሪያው መኪና እስኪመጣ በአማካይ 7.5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ባዶ ወንበር እስኪገኝ ድረስ ደግሞ በአማካይ ሦስት መኪኖች ስለሚያልፉት 45 ደቂቃ ይጨመራል። ድምሩ 52.5 ደቂቃ ነው። በመንገዱ ዳር መኪና ሲመላለስ የሚያይ እንግዳ «እዚህማ ትራንስፖርት ሞልቷል» ሊል ይችላል።

ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው። ኦቾሎ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ በስፋት ከተጠናባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ጥናቱ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ ነው። በሽታውን ከገደሉ ሽኮኮዎች ወደ ሰው የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከተለመዱት ሕክምናዎች አንዱ ለሳምንታት በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ ነው። ታማሚው ወደ ከተማ እየተመላለሰ የሚታከም ከሆነ፣ ከላይ ባሰላነው ምሳሌ መሠረት በ21 ቀናት ውስጥ ለመሄድ ብቻ ከ18 ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ቆሞ ያሳልፋል። ሕክምናውን ጀምሮ ማቋረጥና መጨረስ የሚለዩት በእንዲህ ያሉ ሰዓቶች ሊሆን ይችላል። ምጥ የያዛት እናት ዘንድ ደግሞ 52 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ምን እንለካ?

ችግሩን ለማቃለል የሚረዳው የመጀመሪያ እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪዎች በመናኸሪያው፣ በሲቀላና በሴቻ መቆሚያዎች፣ እንዲሁም በኦቾሎ መውረጃ ላይ ለአንድ ሳምንት ቆመው ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ፦ እያንዳንዱ መኪና ያለፈበትን ሰዓት፣ የነበረውን ባዶ ወንበር፣ ሳይሳፈሩ የቀሩትን ሰዎች ቁጥር። የገበያ ቀንና ሌላው ቀን ተለይተው ይያዙ። ከዚህ አማካዩን ክፍተት ብቻ ሳይሆን የክፍተቱን መዋዠቅ፣ ከዚያም እውነተኛውን ጥበቃ ማስላት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የማይከብድ ሥራ ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ አማራጮቹ ብዙ ናቸው። ከየሦስቱ ወይም ከየአራቱ መኪኖች አንዱ ሁለት ወንበር ለመንገድ ዳር ተሳፋሪ ትቶ በሰዓት እንዲነሣና ኪሳራው ለሁሉም እንዲከፋፈል ማድረግ ይቻላል። ከዋናው መንገድ እስከ ከተማው የሚመላለስ አነስተኛ መኪና መመደብም ይቻላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት መኪና ያላቸው፣ መንገድ ዳር የሚቆሙትና የከተማው አስተዳደር አንድ ላይ ተቀምጠው ነው። ጋሞዎች የጋራ ጉዳያቸውን በዱቡሻ ተሰብስበው የመመካከር የቆየ ልማድ አላቸው። ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቀው እዚያ ተገኝቶ መወሰን ሳይሆን፣ ለሚመካከሩት ሰዎች በትክክል የተለካ ቁጥር ማቅረብ ነው። መለኪያውም ሰዓት ብቻ ነው፤ እርሱም በእያንዳንዳችን እጅ አለ።