በጥሎሽ የሚገዛ ልብ

ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ፤ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ። እዚህም እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ በፕሌይስቴሽን ቤት የሚነግሠው ኳስ ነው። ሒሳቡ በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ» የሚሉትን ጨዋታ የሚያወጣው የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ ባዮዌር የተባለውን የካናዳ ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ጠቅልሎታል። ባዮዌር ደግሞ ስም ያተረፈው በጎል ሳይሆን በፍቅር ነው።

በባዮዌር ጌሞች ተጫዋቹ አንድ ጀግና ሆኖ ረጅም ታሪክ ውስጥ ይገባል። የጉዞ ጓዶቹ አብረውት ይዋጋሉ፣ ይመክሩታል፣ ይቆጡታል፤ አንዳንዶቹም ይወዱታል። በ2000 የወጣው «ባልዱርስ ጌት 2» ለወንድ ጀግና ሦስት ሴቶች ሲያዘጋጅ፣ ለሴቷ የተወላት አኖመን የሚባል አንድ ጉረኛ ወጣት ብቻ ነበር። ምርጫ ከተባለ!

ፍቅሩ የሚለካው በነጥብ ነው። በ2009ኙ «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ» ሞሪጋን የተባለችው ጠንቋይ ጌጥ ትወዳለች፤ ሐብል ሲያመጡላት ነጥቡ ከፍ ይላል። የእኛ ሰው ቢያየው «ይሄማ ጥሎሽ ነው» ሳይል አይቀርም፤ ሽማግሌ የማይላክበት፣ እንቢ የሚል አባት የሌለበት ጥሎሽ። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ግን ሸጎዬ ሲደምቅ ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ሆነው በግጥም ይመላለሳሉ። ግጥሙ የከሸፈበትን ጎረምሳ ሐብል አያድነውም። ከብዙዎቹ ጌሞች የጎደለው ይኸው መልስ ነው።

«ዊቸር 3» (2015) ትንሽ ይሻላል። ጀግናው ጄራልት ለትሪስም ለየኔፈርም ፍቅሩን ከገለጸ፣ ሁለቱ ሴቶች ተመካክረው አልጋ ላይ አስረውት ይሄዳሉ።

ወሲቡም አነጋግሯል። በ2008 ፎክስ ኒውስ ላይ የቀረበች ተንታኝ የባዮዌርን «ማስ ኢፌክት» ክፉኛ ነቀፈች፤ ጌሙን ግን አላየችውም ነበር፣ ኋላም መሳሳቷን አመነች። በ2023ቱ «ባልዱርስ ጌት 3» ደግሞ ዋነኞቹ ጓዶች ጀግናው ወንድ ሆነ ሴት የፍቅር ጥያቄ ይቀበላሉ። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው፤ ጌሙም በአውሮፓ ምደባ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። ወላጅ ሽፋኑ ላይ ያለችውን ቁጥር ቢያይ አይከፋም።

ይህ ሁሉ መጠናናት ግን ብዙ ሰዓታት ይፈጃል፤ በግጥሚያ የሚከፈልበት ቤት ውስጥ ማን ይጠብቀዋል? ጭሮ ላይ ኳሱ የነገሠው በጣዕም ብቻ አይደለም፣ በሒሳቡም ነው።

ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ከአፍሪካ ይጀምር። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 ያወጣው «አውሪዮን» በጀግናው በኤንዞ ላይ በዘውዱና በሠርጉ ዕለት መፈንቅለ መንግሥት ያመጣበታል። ከሚስቱ ከኤሪን ጋር ይሰደዳል፤ ጌሙ ሲጀምር ጥሎሹ አልቋል።