«ስለ እኔ ምን መዝግባችኋል?»

እ.ኤ.አ. በ2011 ማክስ ሽሬምስ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ ፌስቡክ ስለ እሱ ያከማቸውን መረጃ እንዲሰጠው ጠየቀ። በሲዲ የደረሰው ምላሽ ከ1,200 ገጽ በላይ ነበር፤ ራሱ ያጠፋቸው መልእክቶች ሳይቀሩ ተገኙበት። የጠየቀው ግን አዲስ ነገር አልነበረም። የጀርመኗ ሄሰን ግዛት በዓለም የመጀመሪያውን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው በ1970 ነው፤ ስዊድን በ1973፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ1995 ተከተሉ።

ዛሬ በኅብረቱ አገሮች የሚሠራበት ከሜይ 2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ነው። በአንቀጽ 15 መሠረት ማንኛውም ሰው አንድ ድርጅት ስለ እሱ ምን እንደያዘ፣ ለምን እንደያዘ፣ ከየት እንዳገኘውና ለማን እንደሰጠው ጠይቆ ቅጂውን መውሰድ ይችላል። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ፣ በመርህ ደረጃም ያለ ክፍያ መሰጠት አለበት። ጉዳዩ ከተወሳሰበ እስከ ሁለት ወር ሊጨመር ይችላል። ድርጅቱ ሕጉን ከጣሰ ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው 4 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ክርክሩ የሚነሳው ጥያቄው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው «ለምን ፈለጉት?» የሚል ነው። በጀርመን አንድ የጥርስ ታካሚ በሕክምናው ስህተት ተፈጽሞብኛል ብሎ ጠረጠረና የሕክምና መዝገቡን ቅጂ ጠየቀ፤ ሐኪሙ ወጪውን ካልከፈልክ አልሰጥም አለ። ነገሩ ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር 2023 የመጀመሪያው ቅጂ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ጠያቂውም ምክንያቱን የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ወሰነ፤ ሐሳቡ ሐኪሙን መክሰስ ቢሆንም እንኳ። ለእኔ የመብቱ እምብርት ይህ ነው። ሰው የሚከራከርበትን ነገር የሚያውቀው መዝገቡን ካየ በኋላ ነውና፣ አስቀድሞ ምክንያት አምጣ ማለት በሩን መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የራስ የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው። በኔዘርላንድስ የመኖሪያ ፈቃድ የጠየቁ የውጭ ዜጎች፣ ባለሙያው በጉዳያቸው ላይ የጻፈውን የውስጥ ማስታወሻ ማየት ፈለጉ። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 በማስታወሻው ውስጥ ያለው መረጃችሁ የእናንተ ነው፣ የሕግ ትንታኔው ግን የግል መረጃ አይደለም አላቸው። ይኸው ፍርድ ቤት በ2017 በአየርላንድ ፈተና የወደቀ አንድ ተለማማጅ የሒሳብ ባለሙያን ጉዳይ ሲያይ ግን የተፈታኙ መልስም ሆነ የፈታኙ አስተያየት የተፈታኙ የግል መረጃ ነው አለ። ፈታኝ በሰው ወረቀት ላይ የጻፈው የሰውየው ሆኖ፣ ሹም በሰው ዕጣ ላይ የጻፈው የሰውየው የማይሆንበት ምክንያት አያሳምነኝም። በአውሮፓ የኢሚግሬሽን ውሳኔ የሚጠብቁ ብዙ ወገኖቻችን አሉና ልዩነቱ ለእኛም ቅርብ ነው።

ከሁሉም ከባዱ ጠያቂው ማን እንደሆነ ማጣራት ነው። ጄምስ ፓቩር የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪ በ2019 ባቀረበው ጥናት፣ በእጮኛው ፈቃድ በስሟ ለበርካታ ድርጅቶች ጥያቄ ላከ፤ አንዳንዶቹ ማንነቱን በወጉ ሳያጣሩ መረጃዋን አሳልፈው ሰጡት። ባለቤቱን ሊጠብቅ የወጣ ሕግ በግዴለሽ እጅ ለሌባ መግቢያ ይሆናል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሰበብ አድርጎ ሁሉንም ፓስፖርት አምጡ ማለትም አይፈቀድም፤ ደንቡ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚፈቅደው ተገቢ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ ነው።

ኢትዮጵያም በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የራስን መረጃ የማየት መብት ይሰጣል፤ የቁጥጥሩ ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉና የቴሌኮም ድርጅቱ ሁሉ መዝገባችንን ይዘዋል፤ የፋይዳ መታወቂያም የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ጨምሮበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ጥያቄ የሚቀበል፣ መረጃው የት እንዳለ የሚያውቅና በቀነ ገደብ የሚመልስ ሰው በስም ይመድብ። አንባቢም ሲጠይቅ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ቀኑን ይጻፍ፣ ቅጂውንም ያስቀር።