ከወረርሽኙ በኋላ በመርካቶ ዕድርና ዕቁብ የታደሱበት ሁኔታ

መርካቶ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ታላቅ ገበያ ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ በስተ ምዕራብ ተከለለ፤ ስሙም ከኢጣልያንኛ ቃል ተወስዶ መርካቶ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ፥ ከስልጤ፥ ከዶርዜ፥ ከሸዋ፥ ከጎጃምና ከሌላውም አገር የመጣ ሰው እየሰፈረበት፥ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ምናለሽ ተራ፥ ሸማ ተራ፥ ቦምብ ተራ እየተባለ በተራ ተከፍሎ ይነግዳል።

እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው። ቢታመም የሚያስታምመው፥ ቢሞት የሚቀብረው፥ ቢከስር የሚያነሣው ጎረቤቱና የተራው ባልንጀራ ነው። ስለዚህ የዘመድን ቦታ የሚተኩ ማኅበሮች ተቋቋሙ። ከነዚህ ዋነኞቹ ዕድርና ዕቁብ ናቸው። ዕድር በወር በወር በሚዋጣ ገንዘብ አባሉን የሚቀብር፥ ሐዘንተኛውንም የሚያጽናና ማኅበር ነው፤ ብዙ አጥኚዎች በከተማ የተስፋፋበትን መንገድ ከጉራጌ ነጋዴዎች ስደት ጋራ ያያይዙታል። ዕቁብ ደግሞ አባሎች በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ እኩል እያዋጡ፥ የተሰበሰበውን ገንዘብ በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር ነው።

የሁለቱም መሠረት መገናኘት ነው። ይህ መገናኘት በ2012 ዓ.ም. ተቋረጠ። የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለ5 ወር ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻም በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። የፋሲካና የረመዳን ጸሎት ብዙው ምእመን በየቤቱ አደረሰ። በሌሎች አገሮች እንደ ሆነው ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ አልታዘዘም፤ መርካቶም ፈጽሞ አልተዘጋም። በየቀኑ ሠርቶ በየቀኑ የሚበላው ተሸካሚና ጉልት ቸርቻሪ ቤት ሊቀመጥ የሚችል አልነበረምና። እንግዲህ በመርካቶ የተዘጋው ከንግዱ ይልቅ ንግዱን ያቆመው ማኅበራዊ ኑሮ ነበረ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የከበደው የለቅሶ ነገር ነው። እንደ ልማዱ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፤ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፥ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ያወጣል። ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፥ እንጀራ ያመጣሉ። ወንዶች በድንኳኑ ውስጥ ቢያንስ እስከ ሠልስት ይቀመጣሉ። በተቀላቀለ ዕድር ክርስቲያኑ በእስላሙ፥ እስላሙም በክርስቲያኑ ሐዘን ይገኛል። የሚነገረው ቃል አጭር ነው፤ ዋናው ነገር መታየት ነው። ሐዘንተኛው ማን እንደ መጣ ያያል፥ በልቡም ይጽፋል፤ በእርሱ ሐዘን የደረሰውን ሰው እርሱም በተራው ሊደርስለት ግዴታ አለበት። «ብድር በምድር» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ዕድሮች ለቅሶ የቀረውን አባል በመተዳደሪያ ደንባቸው ይቀጣሉ።

ወረርሽኙ ይህን ሕግ ገለበጠው። መቅረት ጥፋት የነበረው መገኘት ጥፋት ሆነ። ቀብር በጥቂት ሰው እንዲፈጸም፥ ድንኳን እንዳይተከል፥ ንፍሮ በጋራ እንዳይበላ ሆነ። የዕድሩ ገንዘብ ለሐዘንተኛው ቢደርሰውም ሰው አልደረሰውም። በዚያ ወራት አባቱን ወይም እናቱን የቀበረ ሰው ሁለት ሐዘን ነበረበት፤ አንዱ የሟቹ፥ ሁለተኛው ብቻውን የማዘኑ ነው። ያልደረሰውም ጎረቤት በበኩሉ ዕዳ እንዳለበት ሆኖ ዐይን ለዐይን መተያየትን አፈረ።

የአስቸኳይ ጊዜው በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያበቃ፥ ትምህርት ቤቶችም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ፥ ጭምብል ማድረግ ግዴታ ሆኖ ቢቀጥልም ሰው መገናኘት ጀመረ። ለዚህ የሚረዳ መንገድ በባህሉ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ። በመንገድ ርቆ የሰነበተ ሰው ሲመለስ መርዶውን እንደ ሰማ ለቅሶ መድረሱ የታወቀ ነው፤ ዘገየህ ተብሎ አይነወርም። ወረርሽኙም እንደ ሩቅ መንገድ ተቈጠረ። ደግሞም ክርስቲያኖች ዘንድ አርባና ሙት ዓመት አለ፤ በቀብሩ ዕለት ያልተቻለው መሰብሰብ በሙት ዓመቱ ሊፈጸም ይቻላል። ስለዚህ የዘገየው ለቅሶ ዕዳውን ከፈለ፥ ዐይንና ዐይንንም አስታረቀ።

የዕቁቡ ጥገና ግን ሌላ ዐይነት ነው። ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወስዶ ዕቃ ገዝቶበታል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ መዋጮውን መክፈል ያቅተዋል። ዕጣው ያልወጣለት ደግሞ የከፈለው እንዳይቀርበት ይሠጋል። አንዱ ቢያቆም የሌላው ተራ ይፈርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዳኛውና ጸሐፊውም መዝገቡን ይጠብቃሉ። ችግር በመጣ ጊዜ የሚበጀው መፍትሔ ሦስት ነው፤ ዙሩን ለጊዜው ማቆም፥ መዋጮውን መቀነስ፥ ወይም ዋሱን ይዞ በሽማግሌ ቀን መስጠት። በፍርድ ቤት መካሰስ የመጨረሻው ነው፤ በመርካቶ ዕቃ በዱቤ የሚገኘው በስም ስለ ሆነ፥ ስሙ የጠፋ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ደንበኛውን ያጣልና።

አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ በከተማዪቱ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደ ገደለ ይገመታል፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ቀባሪ በማነሱ ብዙው ሰው ያለ ወግ ተቀበረ። ያ መከራ ካለፈ በኋላ ኅዳር 12 ቀን ደጅን መጥረግና ጥራጊውን ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በየቤቱ ብቻውን የታመመው ሕዝብ በአንድ ቀን፥ በአንድነት ደጁን ይጠርጋል። ለኮሮና ግን እንዲህ ያለ የጋራ መታሰቢያ ቀን በልማድ አልቆመም፤ ሐዘኑ በየቤቱ ተከፋፍሎ ቀርቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። በመርካቶ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭቶ ሰላም መባባሉ፥ ሦስት ጊዜ ቡና መጠጣቱና ድንኳኑ ተመልሰዋል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ወዲህ የተለወጠም አለ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ በመጀመሩ መዋጮን ተሰብስቦ ሳይገናኙ በስልክ መላክ ተችሏል። ይህ ጊዜ ለሌለው ነጋዴ ይመቻል። ይሁን እንጂ ሳንቲሙን ይዞ በወሩ እሑድ መምጣት የጎረቤትን ፊት ማየት ነበር፤ ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ከሰረ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ገንዘቡን ብቻ የሚልክ ዕድር ቀብሩን ያስፈጽማል፥ ሐዘኑን ግን አይካፈልም። ስለዚህ ዛሬ በዕድሮች ስብሰባ ሊያከራክር የሚችለው የመዋጮው መጠን ብቻ አይደለም፤ በስልክ የከፈለ አባል ለቅሶ ቢቀር ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለው ጭምር ነው። መቀጫውን ያጸና ዕድር የቀድሞውን ሕግ መልሷል፤ ያነሣው ዕድር ደግሞ ከባልንጀርነት ወደ መድን ድርጅት አንድ እርምጃ ተራምዷል።