የግል ድረ ገጽ አሠራርና ጥቅም



በየካ ሚካኤል ሠፈር የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዕረፍቱ ቀን ወደ ኮረብታው ወጥቶ፣ ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ጎብኝቶ፣ ሽማግሌዎችም ስለ ስፍራው የሚነግሩትን ሰምቶ ቢመለስ፣ ያየውንና የሰማውን በምን ያቆየዋል? የማስታወሻ ደብተር ከቤት አይወጣም፤ በማኅበራዊ መገናኛ የተጻፈውም በማግሥቱ በሌላ ወሬ ይሸፈናል። የራስ ድረ ገጽ ግን ጽሑፉን በስፍራው አኑሮ ለፈለገው ሁሉ ያቀርባል።

ሥራው ብዙዎች እንደሚፈሩት የረቀቀ አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮጳ የምርምር ድርጅት ሳለ ሐሳቡን ያቀረበው፣ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን በቀላሉ እንዲካፈሉ በማሰብ ነበር። ዛሬም ቢሆን እንደ ኖትፓድ ያለ ተራ መጻፊያ ይበቃል። ኤችቲኤምኤል የተባለው የምልክት ቋንቋ አርእስቱን ከአንቀጹ፣ ሥዕሉን ከጽሑፉ ይለያል፤ ሲኤስኤስ ደግሞ የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙንና የመሥመሩን ርቀት ይወስናል። ፊተኛው የቤት ምሰሶና ማገር ሲሆን፣ ኋለኛው ልስንና ቀለም ነው። ጌጡ ያልበዛ ገጽ በስልክ ቶሎ ይከፈታል፤ የአንባቢውንም ወጪ ይቆጥባል።

ለእኛ ይልቁንም የሚያስፈልገው የፊደል ጥንቃቄ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን መዝግቦ ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ስለዚህ ጽሑፉን በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ፣ ቋንቋውም አማርኛ መሆኑን በገጹ ላይ ማመልከት ይገባል። ጽሑፍን በፎቶግራፍ ብቻ መለጠፍ ግን መልካም አይደለም፤ ፈላጊ በቃል ፈልጎ ሊያገኘው፣ ለዓይነ ስውራን የተሠራውም መሣሪያ በቀጥታ ሊያነበው አይችልም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የማደሪያው ነገር ነው። ጂኦሲቲስ የተባለው ነጻ የድረ ገጽ ማኖሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በተዘጋ ጊዜ፣ በጎ ፈቃደኞች ብዙውን ቀድተው ቢያተርፉም፣ ቅጂ ያላኖሩ ሰዎች የዓመታት ድካማቸው ከእጃቸው ወጣ። በሰው ቤት የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋበታልና፣ ጸሐፊው በራሱ የድረ ገጽ ስም ቢጠቀም፣ የጽሑፉንም ቅጂ በቤቱ ቢያኖር፣ ማኖሪያውን በለወጠ ጊዜ ሥራውን ይዞ ለመሄድ ይችላል።

ደስታው ግን ከጥንቃቄው ይበልጣል። በባዕድ ሀገር ያለ ዘመድ ስለ እንጦጦ ባሕር ዛፍ የተጻፈውን አንብቦ ሀገሩን ያስታውሳል፤ ዐዋቂም ስሕተቱን አይቶ ያርማል። እንግዲህ ወደ ኮረብታው የወጣው ሰው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ፣ ዛሬውኑ አንዲት ገጽ ይጀምር። የነገሩትም ቃል ከእነርሱ ጋር አይቀበርም።