የልጅ ልጆቻችንን ጽሑፍ ስናርም

ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ የሚማሩ የልጅ ልጆቼ የሚልኩልኝን ጽሑፍ አርማለሁ። በነርስነቴ ቅድሚያ የምንሰጠው ለከፋው ሕመም ነበር፤ እርማትም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን አልሳተም፤ ሞክሼ ፊደላት በጊዜ ይለመዳሉ። «ጠጣ»ን «ተታ» ካለ ግን ጆሮው ገና አልለየምና ቃሉን ጮክ ብሎ ደጋግሞ ያንብበው።

በአንድ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በላይ አታስምሩ፤ ገጹ በቀይ ከተሞላ ልጁ መጻፉን ይተዋል። ከማርኩ በፊት ለሐሳቡ መልስ ስጡ። ትንሿ «አያቴ ናፈቀኝ» ብላ ስትጽፍልኝ፣ «አንቺም ናፈቅሽኝ፣ ልጄ» ብዬ መለስኩላት። በሚቀጥለው ደብዳቤዋ «አያቴ፣ ናፈቅሽኝ» አለችኝ። ቋንቋው ከተቋረጠ እንዲህ የሚለኝ የለም፤ የአራሚ ደመወዙም ይኸው ነው።